ሲጨምቅ የሚንቀጠቀጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ በፎቅ ቤት 2ኛ ወለል ላይ ነው። ከአዘዞ ወደዚህ ስንዛወር ከፊት የሚከፈተውን የ7 ኪሎ ልብስ ማጠቢያ ማሽናችንን በጭነት መኪና አመጣነው። ከዚያ ወዲህ ሲያጥብ ደህና ነው፤ መጭመቅ ሲጀምር ግን ቤቱን እያናወጠ ከቆመበት ስንዝር ያህል ይሄዳል። ባለቤቴ ከሥሩ ድንጋይ፣ ከግድግዳው ጋር ደግሞ ጣውላ ቢያስገባበትም ድምፁ ባሰበት፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችንም ተቸግረዋል። ማሽኑ አልቆለት ይሆን? መሸጥ ይሻለናል?

መልስ፦ ከጻፉልኝ ነገር ውስጥ ማሽኑ አልቆለታል የሚያሰኝ ምልክት አላየሁምና ለመሸጥ አይቸኩሉ። ቀድሞ ደህና ይሠራ የነበረ ማሽን ከተጓጓዘ በኋላ ሲጨምቅ ብቻ ካስቸገረ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ወይ አዲሱ መቆሚያው ነው፣ ወይ በመንገድ ላይ ከቦታው የወጣ ነገር ነው፤ ሁለቱም የሚስተካከሉ ናቸው። ድንጋዩና ጣውላው ግን ዛሬውኑ መውጣት አለባቸው።

ባለቤትዎ ያደረጉት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ማሽኑን ለምን እንደሚጎዳው ማወቁ ግን ለቀሪው ሥራ ሁሉ ይጠቅማል። ልብሱ የሚሽከረከርበት ከበሮ ያለው በአንድ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ገንዳ ከማሽኑ የውጭ አካል ጋር በብሎን የተጠፈረ አይደለም፤ ከላይ በሞላዎች ተንጠልጥሎ፣ ከታች ደግሞ የመኪና አሞርዛተርን በሚመስሉ ንዝረት አብራጆች ተይዞ በነፃነት እንዲወዛወዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ የውስጡ ገንዳ መወዛወዙ ጤንነት ነው፤ መንቀሳቀስ የሌለበት የውጭው አካል ነው። ድንጋይና ጣውላ ሲገባ ንዝረቱ ይበርድ ዘንድ የተዘጋጀለትን መንገድ ትቶ በቀጥታ ወደ ግድግዳውና ወደ ወለሉ ይተላለፋል፤ ጎረቤቶቻችሁን ያስቸገረው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ከዚህም ሌላ ሥሩ በድንጋይ ከፍ ያለ ማሽን አካሉ ስለሚጣመም፣ ውሎ አድሮ በሩ በትክክል አልገጥም ሊል ይችላል።

ሥራውን ከእግሮቹ ይጀምሩ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ የውሃውንም ቧንቧ ዘግተው፣ የላይኛውን ክዳን ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች በሁለት እጅዎ በየተራ ይጫኑ፤ ከዚያም በሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች ይድገሙት። በትንሹም ቢሆን ቀጭ ቋ ካለ አንዱ እግር መሬት አልያዘም ማለት ነው። እግሮቹ ብሎን ስለሆኑ በማዞር ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ፤ በተቻለ መጠን አጭር ሆነው ቢቆሙ የተሻለ ነው። ክዳኑ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጠው ከቀኝ ወደ ግራም ከፊት ወደ ኋላም ካስተካከሉ በኋላ፣ አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው ነገር ይቀራል፦ በእግሩ ላይ ያለው ዳዶ ወደ ላይ ወጥቶ ከማሽኑ አካል ጋር መጥበቅ አለበት። ይህ ዳዶ ካልጠበቀ፣ ዛሬ በውሃ ልክ የተስተካከለውን እግር ንዝረቱ ራሱ እያዞረ በጥቂት እጥበት ውስጥ ያበላሸዋል።

ፎቅ ላይ በመሆንዎ የሚቆምበት ቦታም ያሳስበኛል። የወለሉ ኮንክሪት ከክፍሉ መሐል ይልቅ ከግድግዳ ወይም ከማዕዘን አጠገብ ጠንከር ያለ ስለሆነ፣ ማሽኑ ወደ ማዕዘን ቢጠጋ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳውን እንዳይነካ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይተዉለት። ሴራሚክ ስለሚያንሸራትት ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ የጎማ መርገጫ ከእግሮቹ ሥር ማድረግ ይቻላል። ስፖንጅ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ግን እየተረገጠ ስለሚሰረጉድ ማሽኑን የባሰ ያናውጠዋል፤ እባክዎ አያድርጉት።

አሁን ማሽኑን ያለ ልብስ ባዶውን እንዲጨምቅ ያድርጉት። ይህ ፈተና ምንም ወጪ ሳይኖረው ችግሩ የት እንዳለ ለሁለት ይከፍልልናል፦ ባዶውን ጸጥ ብሎ ልብስ ሲገባበት ብቻ የሚናወጥ ከሆነ ጥርጣሬያችን በአጫጫኑና በንዝረት አብራጆቹ ላይ ይሆናል፤ ባዶውንም ቢሆን የሚያናውጥ ከሆነ ገንዳውን በመንገድ ላይ ወደሚያስሩት የማጓጓዣ ብሎኖች፣ ወደ ሞላዎቹና የከበሮው ዘንግ ወደሚሽከረከርበት ኩሽኔታ መሄድ አለብን። ፍጥነቱን ሲጨምር መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ወዝወዝ ብሎ ከዚያ የሚረጋ ከሆነ አይደንግጡ፤ ማንኛውም የተንጠለጠለ ገንዳ የሚያልፍበት ፍጥነት ነው።

ስለ አጫጫን ትንሽ ልቆይበት፤ በከተማችን ለጥገና ከምጠራባቸው ቤቶች በብዙዎቹ ዋናው ጥፋተኛ ጋቢ ሆኖ አገኘዋለሁ። በተለይ ጥምቀት ሲቃረብ ነጭ ልብስ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚታጠብ ጥሪው ይበዛል። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ስለሆነ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ብቻውን ሲገባም ይጠቀለልና በከበሮው አንድ ወገን ይከማቻል፤ በአንድ ጎን ብቻ እንደተጫነ አህያ ሚዛኑ ይዛባል። ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር ልንገርዎ። 48 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከበሮ በደቂቃ 1200 ጊዜ ሲሽከረከር፣ ዳሩ ላይ በአንድ ወገን የተረፈ አንድ ኪሎ እርጥብ ልብስ ገንዳውን የሚጎትትበት ኃይል 380 ኪሎ ያህል ክብደት ካለው ጭነት ጋር ይመጣጠናል። ፍጥነቱ ወደ 600 ሲወርድ ግን ኃይሉ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ፣ ማለትም ከ100 ኪሎ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ጋቢ ሲያጥቡ ፍጥነቱን ወደ 600 ወይም 800 ዝቅ ያድርጉት፤ ትንሽ እርጥብ ሆኖ ይወጣ እንደሆነ እንጂ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ጋቢውን ብቻውን ከማስገባት ይልቅም ክፍተቱን የሚሞሉ አንሶላና ፎጣዎች ይጨምሩበት። በማሽኑ ላይ የተጻፈው 7 ኪሎ የደረቅ ጥጥ ልብስ መጠን መሆኑን አይርሱ፤ ቡሉኮን ግን ለዚህ ማሽን ባይሰጡት እመክራለሁ። መብራት በመሐል ጠፍቶ ሲመለስም ልብሱ ውሃ እንደያዘ ወደ አንድ ወገን ተከማችቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በሩ ሲከፈትልዎ ልብሱን በእጅዎ በታትነው ያስቀጥሉት።

ባዶውንም የሚያናውጥ ከሆነ የማሽኑን ጀርባ ይመልከቱ። ማሽን አዲስ ሲመጣ ገንዳው በመንገድ እንዳይንገላታ ከጀርባው በኩል በ3 ወይም በ4 ረጃጅም ብሎኖች ይታሰራል። ዕቃ የጫኑላችሁ ሰዎች እነዚህን ብሎኖች መልሰው አስገብተዋቸው ከሆነና ሳይወጡ ከቀሩ፣ ገንዳው መወዛወዝ አቅቶት ማሽኑ እንዳለ ይዘላል፤ በቁልፍ ፈቶ ማውጣት ብቻ ይበቃል። ቀዳዳዎቹ ክፍት ከሆኑ ወይም በፕላስቲክ ከተደፈኑ ግን ብሎኖቹ የሉም፤ ይህም ገንዳው ሳይታሰር ከአዘዞ እስከ ማራኪ እየተንገላታ መጣ ማለት ስለሆነ፣ የእርስዎን ማሽን በተመለከተ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ማሽኑ ተጋድሞ መጥቶ ከነበረ ጥርጣሬዬ ይብሳል።

በሩን ከፍተው ከበሮው ከበሩ ጎማ አንጻር መሐል ላይ መሆኑን ይዩ። በአንድ ወገን ዘመም ያለ ወይም ወደ ታች የወረደ ከመሰለ፣ አንዱ ሞላ ከማንጠልጠያው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በብዙ ማሽኖች የላይኛው ክዳን ከጀርባ ባሉ ሁለት ብሎኖች ብቻ ስለሚያዝ፣ ከሶኬት ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ክዳኑን ወደ ኋላ ስቦ ማንሳት ይቻላል። ማየት ለማንም ይቻላል፤ የወጣውን ሞላ መመለስ ግን ኃይል የሚጠይቅና ጣት የሚቀጠቅጥ ሥራ ስለሆነ ለባለሙያ ይተዉት። ክዳኑ በተነሳበት አጋጣሚ በገንዳው ላይ የታሰረውን የኮንክሪት ክብደት በእጅዎ ወዝወዝ ያድርጉት። ይህ ኮንክሪት ገንዳውን የሚያረጋጋ ነውና ብሎኑ ከላላ ወይም ራሱ ከተሰነጠቀ ማሽኑ ሲጨምቅ የመዶሻ የመሰለ ድምፅ ያሰማል። ብሎኑን ማጥበቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

እዚያው እያሉ ገንዳውን በእጅዎ ወደ ታች ተጭነው በድንገት ይልቀቁት። ወደ ቦታው ተመልሶ ወዲያው ከረጋ አብራጆቹ ደህና ናቸው፤ ደጋግሞ ከዘለለ ግን አልቀዋል። አብራጅ ሲቀየር አንዱን ብቻ መቀየር ገንዳውን ያዛባዋልና ሁሉም አብረው ይቀየሩ። ዘይት እንዲቀባቸው የሚመክር ሰው ቢመጣ አይስሙት፤ ንዝረቱን የሚያበርዱት በፍትጊያ ስለሆነ ዘይት ሥራቸውን ያጠፋዋል።

የመጨረሻው የኩሽኔታ ጉዳይ ነው። የከበሮውን የላይኛውን ከንፈር ይዘው ወደ ላይ ያንሱት፤ ከበሮው ገንዳውን ትቶ ለብቻው ከተንቀሳቀሰ፣ በእጅ ሲዞር ጠጠር የሚፈጭ የመሰለ ድምፅ ካለው፣ ሲጨምቅ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ጉርምርምታ ከተሰማ ኩሽኔታው ተበልቷል። መሸጥን ማሰብ የሚገባው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ በአንዳንድ ማሽኖች ገንዳው ተበይዶ የተዘጋ ስለሆነ ኩሽኔታውን ለመቀየር ገንዳውን በሙሉ መቀየር ያስፈልጋል። በብሎን የተገጠመ ገንዳ ያለው ማሽን ከሆነ ግን ኩሽኔታውን ከውሃ መከላከያ ጎማው ጋር አስቀይረው ይቀጥሉበት።

ማሽኑ ከ60 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ለብቻዎ አያዘንብሉት፤ በሚጨምቅበት ጊዜም ማንም ሊይዘው አይሞክር። አብራጅ መግዛት የግድ ከሆነ የድሮውን አስፈትተው ይዘውት ይሂዱ፤ ርዝመቱ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ስፋትና በላዩ ላይ በኒውተን የተጻፈው ቁጥር ለምሳሌ 80 ወይም 120 ከአዲሱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከአዲስ አበባ የሚያስመጡት ከሆነም ከዕቃው ፎቶ ጋር በማሽኑ በር ዙሪያ ወይም በጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር አንስተው ይላኩ። ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ግማሽ ያህል ጭነት አስገብተው በ800 ፍጥነት ይሞክሩት።