የ30 ሰው የእንቁላል ካሴሮል በአንድ ትሪ? ተይ እህቴ!

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄም ድንጋጤዬም አንድ ላይ መጣ። «ለ30 ሰው ቁርስ ማቅረብ አለብኝ፤ የእንቁላልና የዳቦ ካሴሮል (ትሪ ላይ ተደራርቦ ኦቨን ውስጥ የሚጋገር ምግብ) ማታ አዘጋጅቼ ጠዋት ኦቨን ውስጥ ልከተው አስቤያለሁ። አንድ ትልቅ ጥልቅ ትሪ አለኝ። አሠራሩን በሦስት አባዝቼ በእሱ ብሠራው ችግር አለው?» ነው ያልሽው። አለው። እንዴት አለው መሰለሽ! ያንን ትሪ እኔም ገዝቼው ነበር። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እንቁላል እንዴት እንደሚመታ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ።

1. አንድ ጥልቅ ትሪ የሚለውን ሐሳብ ዛሬውኑ እርሺው። በሦስት አባዢ፣ ግን በሦስት ትሪ ይሁን። 23 በ33 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ትሪ ለ10 ሰው ይበቃል። ለአንዱ ትሪ 10 እንቁላል፣ 600 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 400 ግራም የደረቀ ዳቦ፣ 400 ግራም ቀድሞ የበሰለ ቋሊማና 250 ግራም የተፈቀፈቀ ቺዝ አደርጋለሁ። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ቺዙም ቋሊማውም ጨው አላቸው፣ አትርሺ። ሰው የሚደግም ከሆነ አራተኛ ትሪ ጨምሪ።

ይህን ልክ ያወቅኩት ተዋርጄ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቤተዘመዱ ሁሉ የሚሰባሰብበት ቀን ነበር። 40 ሰው። «ቁርሱን ለእኔ ተዉት» ብዬ በሰው ፊት ፎከርኩ። አዳራሽ ተከራየን። አንቺም በሰው ወጥ ቤት ነው የምትሠሪው መቼም፤ 30 ሰው ቤት ውስጥ የት ይቀመጣል?

ማታ 40 እንቁላል መታሁ። ያ ጉደኛ ትሪ ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ዳቦውን፣ ቋሊማውን፣ ቺዙን ደራርቤ እንቁላሉን አፈሰስኩበት። አራት ትሪ ከማጠብ አንድ ማጠብ ይሻላል ብዬ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ስንፍና ነው። ባለቤቴ አየውና «ይኼ ነገር መሀሉ ይበስላል?» አለኝ። «አንተን ወጥ ቤት ማን ጠራህ?» አልኩት። እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

ትሪው ፍሪጅ ውስጥ ገባ፣ ግን በሩ አልዘጋ አለ። ወንበር አስደግፌበት ተኛሁ። ይኼም ሌላ ጥፋት ነው። ጥሬ እንቁላልና ወተት 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ነው ማደር ያለበት። በሩ ገርበብ ያለ ፍሪጅ ደግሞ ቁም ሳጥን ማለት ነው። ምን እንዳተረፈን አላውቅም። አንቺ ከመጀመርሽ በፊት ፍሪጅሽን ባዶ አድርጊና ባዶዎቹን ትሪዎች አስገብተሽ በሩ መዘጋቱን እዪ። ትሪዎቹ ተነባብረው አይቀመጡ፣ መሀላቸው ቀዝቃዛ አየር ይለፍበት።

አሁን ወደ አዳራሹ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ፣ ፍቀጂልኝ። ኃላፊው በስልክ «ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈትልሻል» ብሎኝ ነበር። ቁርስ 3 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል አለኝ ብዬ ተረጋግቻለሁ። በሰዓቱ ደረስኩ። በሩ ተቆልፏል። ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አይነሳም። ያን የሚያክል ትሪ ከወንድሜ ጋር ተሸክመን በር ላይ ቆምን። ሰውዬው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ከች አለ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ስቆጣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንቁላል ለመጥበስ ነው እንዴ ይኼ ሁሉ ችኮላ?» ምን ልመልስለት?

ኦቨኑ እስኪግል ሌላ 20 ደቂቃ ሄደ። የቀረኝ ሰዓት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥ። ያኔ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት። እሳቱን ከፍ ባደርገው ቶሎ ይደርሳል ብዬ 220 ዲግሪ ላይ አደረግኩት። ሙቀት ከዳር ነው ወደ መሀል የሚገባው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ከእጥፍ በላይ ይፈልጋል። እሳት ስትጨምሪ ላዩና ዳሩ ያርራል እንጂ መሀሉ አይፈጥንም። ይህን ያኔ ማን ይንገረኝ!

3 ሰዓት ላይ አወጣሁት። ከላይ ሲያዩት ውበቱ! ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ ቺዙ ፈክቶ፣ ሽታው አዳራሹን ሞልቶት። ሰው ሁሉ «ወይ ሙያ!» አለ። እኔም አመንኩ። ከዳር መቁረጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ 12 ሰዎች በልተው አመሰገኑ። ወደ መሀል ስጠጋ ቢላዋው ቀለለኝ። አጎቴ ድርሻቸውን ተቀብለው ሳህኑን ዘንበል አድርገው አዩት። ቢጫው ወደ ዳር ፈሰሰ። «ልጄ፣ ይኼ በማንኪያ ነው የሚበላው?» አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ግን እጄን አጣጥፌ አልቆምኩም። ይህን ጻፊው፣ አንድ ቀን ይጠቅምሻል። ያልበሰለውን መሀል በጭልፋ እያወጣሁ በሁለት ሰፋፊ መጥበሻ ላይ አፈሰስኩት። እያማሰልኩ ሙሉ በሙሉ አበሰልኩት። መልኩ የፍርፍር ጓደኛ ሆነ፣ ጣዕሙ ግን አልከፋም። ሰው በልቶ ጠገበ፣ ማንም አልታመመም። አጎቴም ደገሙ። ኃላፊው ግን «ኦቨኑ ውስጥ ፈሶበታል» ብሎ ከማስያዣዬ ላይ ቆረጠ። አንድ ሰዓት አርፍዶ መጥቶ! ስለዚህ ኦቨኑ ያለበት ቤት የሌላ ሰው ከሆነ የመክፈቻ ሰዓቱን በጽሑፍ ተቀበይ። ኦቨኑንም ሄደሽ በሜትር ለኪው። «ኦቨን አለን» የሚል ሰው ስንት ትሪ እንደሚይዝ አይነግርሽም።

2. የሚበስለው በ175 ዲግሪ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ትሪ አንድ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ሁለት ትሪ አንድ ላይ ከገባ ከዚያም ይጨምራል። የመጀመሪያውን 30 ደቂቃ በፎይል ሸፍኚው፣ ከዚያ ክፈቺው፣ ላዩ ቡናማ ይሁን። ሁለቱ ትሪዎች ላይና ታች ከሆኑ መሀል ላይ አቀያይሪያቸው። እኔ ከዚያ ጉድ በኋላ የምግብ ቴርሞሜትር ገዛሁ። መሀሉ ላይ ሰክቼ 71 ዲግሪ ሲደርስ አወጣዋለሁ። ቴርሞሜትር ከሌለሽ ቢላ መሀሉ ላይ ስኪ። እርጥብ እንቁላል ይዞ ከወጣ ይመለስ። ሰዓት ብቻ አይተሽ አታውጪ፤ የኦቨን ቁጥር ይዋሻል።

አብዝተሽም አታቆዪው። እንቁላል ከልኩ በላይ ሲበስል ይጨመቅና ውኃውን ይተፋል። ከሥሩ የሚጠራቀመው ውኃ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚያ ነው።

3. አንዳንዴ ደግሞ ውኃው ከአትክልቱ ነው። የወንድሜ ሚስት ጥሬ እንጉዳይና ጥሬ ቲማቲም ጨምሪበት ብላኝ ሰማኋት። (ሙያዋን አከብራለሁ፣ በዚህ ግን ተሳስታለች።) ጠዋት ዳቦው ስፖንጅ ሆኖ ጠበቀኝ። እንጉዳይ፣ ቆስጣ፣ ሽንኩርት ሁሉ መጀመሪያ መጥበሻ ላይ ውኃውን ይጨርስ። ቆስጣውን በእጅሽ ጭመቂው። ቲማቲም ካማረሽ ሲቀርብ ከጎን አድርጊው። ድንች የምትጨምሪ ከሆነ ቀቅይው፤ ጥሬ ድንች በዚያ ሰዓት ውስጥ አይበስልም፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ቋሊማውም በደንብ በስሎ፣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ፣ ቀዝቅዞ ነው የሚገባው። ትኩስ ነገር ጥሬ እንቁላል ላይ አፍስሰሽ ፍሪጅ አትክተቺ።

ዳቦው ደግሞ ይድረቅ። ትኩስ ለስላሳ ዳቦ ሌሊቱን ሙሉ ወተት ሲጠጣ አድሮ ገንፎ ይሆናል። ያደረ ዳቦ ከሌለሽ ቆራርጠሽ በ150 ዲግሪ 15 ደቂቃ አድርቂው። ሌሊቱን ሙሉ፣ ማለትም ለ8 ሰዓት፣ ቢበዛ ለ12 ሰዓት ያህል ይንከር። ሁለት ቀን ቀድሜ ልጨርስ ካልሽ ቋሊማውን ጥበሺ፣ ቺዙን ፈቅፍቂ፣ ዳቦውን አድርቂ። እንቁላሉ ግን ለዋዜማው ማታ ይቆይ።

4 ላይ ነበርኩ መሰለኝ። አዎ፣ ስለ ፓይሬክስ፣ ስለ ብርጭቆው የኦቨን ትሪ ማለቴ ነው። በሁለተኛው ዓመት ትምህርቴን ወስጄ በአራት ትሪ ሠራሁ። ሁለቱ ብረት፣ ሁለቱ ብርጭቆ። አንዱን ብርጭቆ ከፍሪጅ አውጥቼ ቀጥታ የጋለ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። ጧ! አለ። 10 እንቁላል ከነስባሪው ኦቨን ውስጥ ቀረ። እድሜ ለራሴ ኦቨን፣ ማስያዣ የሚቆርጥ የለም። ብርጭቆ ከሆነ 20፣ 30 ደቂቃ ውጭ ይቆይና ብርዱ ይውጣለት። ከሁሉ የሚሻለው ብረት ነው። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የአሉሚኒየም ትሪም ይሆናል፣ ግን ሥሩ ጠንካራ ትሪ አድርጊለት። አለበለዚያ ስታነሺው ይታጠፍና እግርሽ ላይ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ግን፣ እህቴ፣ ልመካ ነው። አራት የብረት ትሪ። ሁለቱን አስቀድሜ ጋገርኩ፣ አውጥቼ በፎይል ሸፈንኩ፣ በወፍራም ፎጣ ጠቀለልኳቸው። ሁለተኛው ዙር ገባ። ሰው መቼም በአንድ ጊዜ አይደርስም። የቀደመው ከመጀመሪያዎቹ ትሪዎች በላ፣ ዘግይቶ የመጣው ትኩሱን አገኘ። አንደኛውን ትሪ ያለ ቋሊማ ሠርቼ በፎይሉ ላይ ምልክት አድርጌበት ነበር። ስጋ የማይበላ እንግዳ ፈልጎ አያጣም። እያንዳንዱን ትሪ ካወጣሁ በኋላ 10 ደቂቃ አሳርፌ ነው የቆረጥኩት፤ ያኔ ቁራጩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ያቺ የእንጉዳይ ምክር የሰጠችኝ የወንድሜ ሚስት «ልኩን ጻፊልኝ» አለችኝ። ጻፍኩላት። አጎቴ ግን ሳህናቸውን ዘንበል አድርገው ሳያዩ አልቀመሱም።

የተረፈ ካለ ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆይው፣ ፍሪጅ ይግባ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በደንብ አሙቀሽ ብትበዪው ከመጀመሪያው ቀን አያንስም። እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ።

ሁለት ነገር ላኪልኝ፦ የኦቨኑ ውስጥ ስፋትና ቁርስ የሚቀርብበት ሰዓት። ወደ ኋላ እየቆጠርኩ መቼ ምን እንደምታስገቢ እጽፍልሻለሁ። ያ ትልቁ ትሪዬ ድንችና ሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል፤ የአንቺም ካልተመለሰ እዚያው ሥራ ላይ አውይው።