ኤልያስም ደክሞት ነበር፦ የምድር ነገር እንቅልፍ ለነሳት እኅት የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ? ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። የሚያስጨንቀኝን ነገር ለሰው ሳወራው ያስቃል መሰለኝ። የአየር ንብረት ለውጥ ነው። ማታ ስልኬን ይዤ እተኛለሁ። መጀመሪያ ስለ ሰደድ እሳት አያለሁ፣ ከዚያ ስለ ጎርፍ፣ ከዚያ ስለሚቀልጥ በረዶ። ሳላስበው ሌሊት ስምንት ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ክፍል ብገባም ሐሳቤ እዚያው ነው። «ለየትኛው ዘመን ነው የምማረው?» እላለሁ። እጮኛዬ ስለ ልጅ ሲያነሳ ወሬ እቀይራለሁ። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ስጥል እንኳ ወንጀል የሠራሁ ይመስለኛል። አንድ ታላቅ ወንድም ባማክረው «የእምነት ማነስ ነው» አለኝ። አንዲት እኅት ደግሞ «የዘመኑ ፍጻሜ ነው፣ ደስ ይበልሽ እንጂ ምን ያስጨንቅሻል» አለችኝ። አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ። ይህ ፍርሃት ኃጢአት ነው? ንስሐ ልግባበት? ስሜን አይጥቀሱት።

መልስ፦ ሰላም እኅቴ። «ተኝቼ ባልነቃ» የምትለዋን ነገር መሐል ላይ ሸጉጠሽ ነው ያለፍሻት። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። ስለዚህ ከእርሷ ልጀምር።

ይህን ሐሳብ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው በአካል ንገሪ። ለእናትሽ ይሁን፣ ለእጮኛሽ፣ ለንስሐ አባትሽ፣ አንቺ ለምታምኚው ሰው። ቀጥሎ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂጂ። ሐሳቡ ከምኞት አልፎ «እንዴት» ወደሚለው ከሄደ ደግሞ ብቻሽን አትደሪ፤ በዚያው ሌሊት ሰው ይዘሽ ወደ ሕክምና ትሄጃለሽ። «ክርስቲያን ለዚህ ሐኪም ጋ አይሄድም» የሚልሽ ካለ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ያንብብ። ስትታመም ጸልይ ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ለሐኪሙ ቦታ ስጠው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መጽሐፉ ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ አስቀምጧቸዋል። የለያየናቸው እኛ ነን።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አይ፣ ፍርሃትሽ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። በዚያች ሌሊት እምነት አነሰው የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ይህን ግን እኔም ዘግይቼ ነው የገባኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ከትምህርት በኋላ ጠብቆኝ ደብተሩን ከፈተልኝ። በሁለት ረድፍ ተጽፏል። በአንዱ ዓመቱ፣ በሌላው የእርሱ ዕድሜ። 2030፣ 2040፣ 2050 እያለ ይወርዳል። 2100 ላይ ሲደርስ ዕድሜ አልጻፈም፤ «ልጄ?» ብሎ ትቶታል። እኔ ቸኩዬ ነበር። «አይዞህ፣ ነገ ለራሱ ይጨነቃል ተብሏል፤ ጸልይ» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። ደብተሩን ዘጋ። አመስግኖኝ ሄደ። ከዚያ ለወራት ዓይኑን አላየሁትም። የጠቀስኩት ጥቅስ ልክ ነበር። የጠቀስኩት ግን ልጁን ዝም ለማሰኘት ነበር።

ብቻሽን እንዳልሆንሽም እወቂ። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት ፕላኔታሪ ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። በ10 አገሮች ከ16 እስከ 25 ዓመት ያሉ 10,000 ወጣቶች ተጠየቁ። 59 በመቶው ስለ አየር ንብረት ለውጥ በጣም ወይም እጅግ በጣም እንጨነቃለን አሉ። ከ45 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስሜቱ የዕለት ኑሯችንን ይጎዳዋል ብለዋል። ከአሥሩ አራት ያህሉ ልጅ ለመውለድ ያመነታሉ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ጭንቀቱ መንግሥታት ችላ ብለውናል፣ ከድተውናል ከሚል ስሜት ጋር አብሮ የሚሄድ ሆኖ ተገኝቷል። ወጣቱን ሙቀቱ ብቻ አይደለም የሚያስፈራው። ታላላቆቹ ነገሩን ከቁም ነገር አለመቁጠራቸውም ያስፈራዋል። «የእምነት ማነስ ነው» ያለሽ ወንድም ሳያውቀው ከእነርሱ ጋር ተሰልፏል። ልቡ ክፉ አይደለም፤ እኔም ያንኑ አድርጌያለሁና አልፈርድበትም።

አሁን ከእኔ ጋር 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ክፈቺ። ኤልያስን ታውቂዋለሽ። በዘመኑ ለሦስት ዓመት ከስድስት ወር ዝናብ አልዘነበም። ሲጠጣበት የነበረው ወንዝ ሲደርቅ በዓይኑ አይቷል። የመጨረሻ ዱቄቷን ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ለመሞት እንጨት ስትለቅም የነበረችውን መበለት አግኝቷታል። ምድር ስትከዳ ምን እንደሚመስል ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቃል። ደግሞም ዝናቡ በጸሎቱ ተመልሶለታል። ተስፋ የቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተች፤ ሸሸ፤ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል» አለ። ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለመነ። አንቺ «ባልነቃ» ያልሽውን እርሱ ከአንቺ በፊት ብሎታል።

እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ። መልአክ መጣ። አልገሠጸውም። «አንተ ትልቅ ነቢይ ሆነህ» አላለውም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። አዎ፣ ተመልሶ ተኛ! መልአኩ አሁንም አልተቆጣም። ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ዳሰሰውና «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው» አለው። ይህችን ቃል እወዳታለሁ። መንገዱ ቀላል ነው፣ አታስብ፣ ምንም የለም ብሎ አላባበለውም። ሩቅ ነው አለው፤ ስለዚህ ብላ።

ኮሬብ ተራራ ሲደርስ እግዚአብሔር «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ጠየቀው። ኤልያስ ብሶቱን ዘረገፈ፤ ብቻዬን ቀርቻለሁ አለ። እግዚአብሔር ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀው። ኤልያስም ያንኑ ብሶት ደገመው። አላቋረጠውም። ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የሰጠው፤ አዛሄልንና ኢዩን ለንግሥና፣ ኤልሳዕን ለነቢይነት ቀባ አለው። ብቻህን አይደለህም፣ 7,000 ሰዎች አሉኝ ያለውም በዚያው ነው። ከሦስቱ ሥራዎች ኤልያስ ራሱ የጀመረው አንዱን ነው። ሄዶ በአሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ሲያርስ ለተገኘው ለኤልሳዕ መጎናጸፊያውን ጣለበት። የቀሩት የሁለቱ ነገር የተፈጸመው በኤልሳዕ ዘመን ነው። ሥራው ከአንድ ሰው ዕድሜ ይበልጥ ነበርና።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። መጀመሪያ ምግብና እንቅልፍ። ከዚያ የሚሰማ ጆሮ። ከዚያ ልክ ያለው ሥራ፣ ከሌሎች ጋር። እኔ ለዚያ ወጣት ከሁሉም አስቀድሜ የሰጠሁት ስብከት ነበር።

ሳይንሱ ውሸት ነው ብዬ ላጽናናሽ አልችልም፤ ውሸት ስላልሆነ። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል ነበር። አሁን ከ420 በላይ ነው። እ.ኤ.አ. 2024 በመሣሪያ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከሁሉም የሞቀው ዓመት ነበር። ነገር ግን ስልክሽ ሌሊት የማያሳይሽም አለ። ሳይንቲስቶቹ «አለቀ» አላሉም። የሚሉት እያንዳንዷ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ለውጥ ታመጣለች ነው። አገሮች ሙቀቱን ለመግታት የተስማሙበት የፓሪሱ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጸድቅ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሙቀቱ ወደ 4 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል ይባል ነበር። ዛሬ ባለው አካሄድ ግምቱ ወደ 3 ዲግሪ ዝቅ ብሏል። 3ም ክፉ ነው፤ ግን የሰው ሥራ ቁጥሩን አንቀሳቅሶታል። የኦዞን ሽፋን ሲሳሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 አገሮች በሞንትሪያል ተስማምተው የሚጎዱትን ኬሚካሎች አስቀሩ፤ ሽፋኑም እያገገመ ነው። ፍርሃትሽ እውነት ይዞ ይመጣና የራሱን ውሸት ቀላቅሎ ይነግርሻል። ውሸቱ «ምንም አይደረግም» የሚለው ነው።

«ፍጻሜ ነው፣ ደስ ይበልሽ» ላለችሽ እኅት ግን ለስለስ ብዬ መመለስ አልችልም። ጎርፍ የሰው ቤት ሲወስድ ደስ ይበለን የሚል ወንጌል አላነበብኩም። ጌታ ስለ መጨረሻው ዘመን ሲናገር «እንዳትደነግጡ ተጠንቀቁ» ነው ያለው፤ ቀኑንም ማንም አያውቅም ብሏል። በተሰሎንቄ የጌታ ቀን ደርሷል ተብሎ ሲናፈስ፣ ሥራ ፈተው የሚዞሩም ነበሩ። ጳውሎስ ሊሠራ የማይወድ አይብላ አላቸው። «እግዚአብሔር ለኖኅ በጋና ክረምት አያቋርጡም ብሎታል፣ ስለዚህ ምንም አይመጣም» የሚሉም አሉ። ቃሉ እውነት ነው። ግን ሰው በገዛ እጁ ቤቱን አያቃጥልም የሚል ቃል አልተሰጠንም። በገነት ለአዳም የተሰጠው ትእዛዝ ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ነበር። ዮሴፍም የሰባት ዓመት ረሃብ እንደሚመጣ ሲያውቅ ከእህሉ አምስተኛውን እጅ አስቀመጠ። የእምነት ማነስ ነው ያለው የለም።

ስለ ንስሐ ጠይቀሻል። ብክነት ካለብሽ፣ የማያስፈልግሽን የመግዛት ልማድ ካለብሽ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ እሱ የአንቺ ነው። የፋብሪካዎችን ጭስ ሁሉ ግን ይዘሽ አትግቢ። የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግድ በግ አንድ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። በጠርሙሱ ጊዜ የሚሰማሽ ነገር ከሰነፍ ሕሊና ይሻላል። ሌሊት ሙሉ ካሰቃየሽ ግን ንስሐ መሆኑ ቀርቷል። ንስሐ ያሳርፋል።

ስለ ልጅ። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ተከባ ሳለ፣ እርሱም በግዞት ቤት ሳለ፣ በ17 ሰቅል ብር እርሻ ገዝቷል። ከተማይቱ እንደምትወድቅ የተናገረው ራሱ ነው! ውሉን በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው፣ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ። ይህን ስጽፍልሽ ውለጂ ብዬ እያዘዝኩሽ አይደለም። እርሱ ከእጮኛሽ ጋር የምትወስኑት ነው። ብቻ ወሬውን አትቀይሪ። የምትፈሪውን ንገሪው። ምናልባት እርሱም ፈርቶ ይሆናል። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሌሊት በስምንት ሰዓት አይወሰንም።

ሥራውንስ ከየት ልጀምር ካልሽ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤትሽ ጀምሪ። በቅዳሴ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ምድር ፍሬ እንጸልያለን። ብዙዎቻችን ግን በዚያ ሰዓት ሐሳባችን ሌላ ጋ ነው። ያን ጸሎት ይዘሽ ከሦስት አራት ልጆች ጋር ተቀመጪ። አንድ ነገር ምረጡ፤ ችግኝ ይሁን፣ ቆሻሻ መለየት፣ ውኃ ማጠራቀም። ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው። ጥቅሙ ለምድሪቱ ብቻ አይደለም፤ እጅ ሲሠራ ጭንቅላት ያርፋል።

ስልኩ ከዛሬ ጀምሮ ከመኝታ ክፍልሽ ውጭ ይደር። «ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ እርሱ ነው» እንደምትዪ አውቃለሁ። የምትጮህ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ። ዜና ማየት ከፈለግሽ በቀን፣ ቁጭ ብለሽ፣ ለሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ያ ወጣት ተመልሶ መጣ። ያኔ ደብተሩን እንዲከፍትልኝ የለመንኩት እኔ ነበርኩ። አርባ ደቂቃ ያህል አወራ። ምንም አልጠቀስኩለትም፤ ምላሴን ነክሼ ነው እንጂ ጥቅሱ ሞልቶ ነበር። ሲጨርስ «መምህር፣ እንጸልይ?» ያለው እርሱ ነው። ከባለሙያ ጋርም ለተወሰነ ጊዜ ተገናኝቷል።

አንቺም ያን ሐሳብሽን ለአንድ ሰው ከነገርሽ በኋላ ጻፊልኝ። ለማን እንደነገርሽ አያስፈልገኝም። መንገርሽን ብቻ።