ራው ፎቶ ላይ የሚወጣው ሮዝና አረንጓዴ ቀለበት

ጥያቄ፦ ማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ ትራይፖድ ተክዬ የቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወደ ለገሃር አነሳለሁ። ሰዓቱ ከምሽቱ 12፡30 ገደማ፣ ሰማዩ ድፍን ሰማያዊ ሲሆን ነው። ሌንሴ 24 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 (ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ)፣ አይኤስኦ (የብርሃን ስሜቱ) 100። የሕንፃዎቹ መብራት እንዳይቃጠል ብዬ አጨልሜ አነሳለሁ። ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ 4 ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ሳደምቀው ግን ከመሃል ወደ ዳር እየሰፉ የሚሄዱ ሮዝና አረንጓዴ ቀለበቶች ሰማዩ ላይ ይወጣሉ። ፋይሉ ራው፣ ማለትም ከሴንሰሩ የተገኘውን ጥሬ መረጃ የሚይዝ ነው። አንድ ጠጋኝ “ሴንሰሩ አልቆለታል” አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ለሴንሰር (ብርሃን ለሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ገንዘብ አያውጡ። የተበላሸ ሴንሰር ነጥብ ወይም ቀጥ ያለ መስመር ያሳያል እንጂ የፎቶውን መሃል እምብርት አድርጎ ክብ አይሠራም። ክብ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካሜራው የሌንሱን የጠርዝ ጨለማ የሚያስተካክልበት ፕሮግራም ነው።

ሰፊ ሌንስ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ዳር ዳሩ ከመሃሉ ይጨልማል። ካሜራው ይህን ለማካካስ ከመሃል በራቀ ቁጥር ከሴንሰሩ ያገኘውን ቁጥር ከፍ ባለ ማባዣ ያበዛዋል። “ራው ያልተነካ ነው” የሚለው እምነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ማባዛቱ የሚከናወነው ፋይሉ ከመጻፉ በፊት ነው። (የመስመር መጉበጥን የሚያቃናው ማስተካከያ እንዲህ አያደርግም። ፋይሉ ላይ ማስታወሻ ጥሎ ሥራውን ለኮምፒውተሩ ይተወዋል።)

ራው ፋይል የሚያስቀምጠው ሙሉ ቁጥር ነው፤ ጣጣው ያለው እሱ ላይ ነው። ለማሳያ ያህል፣ በጨለመው ሰማይ ላይ የቀዩ ቀለም ቁጥር 13፣ የአረንጓዴው 30 ነው እንበል። ማባዣው 1.03 በሆነበት ቦታ ቀዩ 13.39 ይሆንና ወደ 13 ይጠጋጋል። ጥቂት ወደ ዳር ወጣ ብሎ ማባዣው 1.04 ሲደርስ 13.52 ይሆንና ወደ 14 ይዘላል። አረንጓዴው ግን በሁለቱም ቦታ 31 ነው። ቀዩ ብቻውን 8 በመቶ ያህል ስለዘለለ ዓይን የሚያየው ሮዝ ቀለበት ነው። ራቅ ብሎ የአረንጓዴው ተራ ሲደርስ ደግሞ አረንጓዴው ይከተላል። ቁጥሩ ትልቅ በሆነበት ብሩህ ቦታ ዝላዩ ኢምንት ነው፤ የሚጋለጠው ጥላውን ጎትተው ሲያወጡት ነው። አይኤስኦ 3200 ላይ ኖይዙ (የፎቶው ዥጉርጉር ነጠብጣብ) ዝላዩን ስለሚበትነው አይታይም። የእርስዎን ፎቶ ያጋለጠው ንጽሕናው ነው።

ማስተካከያው ሶኒ ላይ “ሼዲንግ ኮምፔንሴሽን”፣ ኒኮን ላይ “ቪኜት ኮንትሮል”፣ ካኖን ላይ “ፔሪፈራል ኢሉሚኔሽን ኮሬክሽን” በሚል ስም ይገኛል። ያጥፉት። ከማጥፋትዎ በፊት ግን ይፈትኑት፤ የእርስዎ ሞዴል ራውን የማይነካ ሊሆን ይችላል። በቀን ብርሃን ሁለት ነጭ ወረቀት ሌንሱ ፊት ደርበው ወደ መስኮት ያዙሩት። ማኑዋል፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 1.8 አድርገው ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ካሜራው ከሚለው 5 ስቶፕ ያፍጥኑት፤ 1/100 ካለ 1/3200 ማለት ነው። አንዱን ማስተካከያው በርቶ፣ ሌላውን ጠፍቶ ያንሱ። ላይትሩም ላይ የሌንስ ፕሮፋይሉን (የፕሮግራሙን የራሱን የሌንስ ማስተካከያ) አጥፍተው ሁለቱንም 5 ስቶፕ ያድምቁ፣ ሳቹሬሽኑንም (የቀለሙን ድምቀት) ዳር ድረስ ይጎትቱት። ቀለበቱ በመጀመሪያው ላይ ብቻ ከወጣ ጥፋተኛው ተያዘ። ሁለቱም ላይ ከወጣ ሌላ ሌንስ ያስገቡና ይድገሙት። ካሜራው ሊያውቀው የማይችል፣ የኤሌክትሪክ መገናኛ የሌለው አሮጌ ማኑዋል ሌንስ ለዚህ ፍተሻ ግሩም ነው።

ማስተካከያውን ካጠፉ በኋላ ዳሩ ይጨልማል፤ አይጨነቁ። ላይትሩም በፕሮፋይል ሲያስተካክለው በአስርዮሽ ስለሚያሰላ እንዲህ ያለ ዝላይ አይፈጥርም። ራውን በ14 ቢት ያድርጉት። 14 ቢት 16,384 እርከን ሲኖረው 12 ቢት ያለው 4,096 ብቻ ነው። ትራይፖድ ካለዎት ደግሞ ኤፍ 1.8 ላይ የሚያስቆይዎ ነገር የለም፤ ኤፍ 5.6 ወይም 8 ላይ የጠርዙ ጨለማ ራሱ ስለሚቀንስ ካሜራው የሚያበዛው ያንሳል። ለመብራቱ የፈሩትን ያህል አጨልመው አንዱን ያንሱ፣ ከዚያ 2 ስቶፕ እና 4 ስቶፕ የደመቁ ሁለት ያስከትሉ፤ ኮምፒውተር ላይ ሲያዋህዷቸው ሰማዩን ከደማቁ ይውሰዱ። አዲስ አበባ ላይ ያ ሰማያዊ ብርሃን ቶሎ ስለሚያልፍ ካሜራውን ቀድመው ያዘጋጁት።

የድሮዎቹ ፋይሎች መዝለሉ ተጽፎባቸዋል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። የፎቶውን ቁጥሮች በባዶ ነጭ ፎቶ ቁጥሮች ማካፈልም እምብዛም አይሠራም፣ ምክንያቱም ቀለበቱ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ሰማዩ ብርሃን ይለያያል። የሚቻለው መሸፈን ነው። ፎቶሾፕ ላይ በ16 ቢት ሰማዩን ብቻ ይምረጡና በኮንትሮል ጄ ለብቻው ሌየር ያድርጉት። የሌየሩን ባዶ ቦታ ይቆልፉ፤ አለበለዚያ ጠርዙ ይሳሳል። ጋውሲያን ብለርን (ማደብዘዣውን) በ100 ፒክስል ጀምረው ቀለበቱ እስኪጠፋ ይጨምሩ፣ ብሌንድ ሞዱን “ከለር” ላይ ያድርጉት። ሰማዩን ሳይነጥሉ ብለር ካደረጉ የመብራቱ ብርቱካናማ ቀለም ወደ ሰማዩ ይፈሳል። ጄፔግ ሲያወጡ ጥቂት ግሬን (ደቃቅ ነጠብጣብ) ይጨምሩ። በቴሌግራም ሲልኩም እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ጨመቃው ሌላ መስመር ያወጣልዎታል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ካፌ ውስጥ በጸጥታ ሻተር (ድምፅ በማያወጣው ኤሌክትሮኒክ ሻተር) ሳነሳ ፎቶው ላይ አግድም የጨለሙና የቢጫ መስመሮች ይወጣሉ። ይህም ከሌንስ ማስተካከያ ነው?

መልስ፦ አይደለም። መስመሩ ቀጥ ካለ ሌንሱን ነፃ ያድርጉትና መብራቱን ይጠርጥሩ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይዋዥቃል፤ ጸጥተኛው ሻተር ደግሞ ፎቶውን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚያነበው። ወደ ሜካኒካል ሻተር ይመለሱ፣ ፍጥነቱን 1/100 ወይም 1/50 ያድርጉ። መብራቱ በዲመር (በብርሃን መቀነሻ) የደበዘዘ ከሆነ መዋዠቁ ከ100 ሊበልጥ ስለሚችል ይህም ላይበቃ ይችላል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱን ዲመሩን እስከ ጫፍ እንዲከፍቱልዎ ይጠይቁ፣ ወይም መስኮት አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ይምረጡ።