«ሒሳብ»ን በ«ሂሳብ» ብንፈልገው ይገኝ ወይ?

ጥያቄ፦ ለኮድ ኤዲተራችን ላንጉጅ ሰርቨር (ኮዱን አንብቦ ለኤዲተሩ የስም ፍለጋና መሰል አገልግሎት ለሚሰጠው ፕሮግራም) የፕሮጀክቱን ስሞች በሙሉ ከአንድ ቦታ የሚፈልግ አገልግሎት እየጨመርን ነው። በፓይተን ኮዳችን የፈንክሽን ስሞች በአማርኛ ናቸው። አንዱ ባልደረባችን «ሒሳብ_አስላ» ብሎ የሰየመውን ሌላው «ሂሳብ_አስላ» ብሎ ይፈልግና ያጣዋል። ትክክሉ የቱ ነው? ፍለጋው ሁለቱን እንደ አንድ ቢያያቸውስ ነውር አለው?

መልስ፦ «ሒሳብ» በሐመሩ ሐ ነው፤ ሥሩ የግእዙ «ሐሰበ» ነውና። በዚሁ አጋጣሚ «ስም» በእሳቱ ሰ መሆኑንም አስታውሱ። «ሥም» ብሎ መጻፍ ሊቅነት የሚመስላቸው በዝተዋል።

ፍለጋውን በተመለከተ ግን ነውር የለውም፤ እንዲያውም ግዴታችሁ ነው እላለሁ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው የላንጉጅ ሰርቨር ፕሮቶኮል (ኤዲተርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) ራሱ በዚህ ፍለጋ የሚጻፈው ቃል ላላ ተደርጎ እንዲታይ ይመክራል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ፣ ሆሄያቱ በቅደም ተከተላቸው መገኘታቸው ብቻ እንዲታይ። ይህ ምክር ለላቲን ፊደል የተቆረጠ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ያለን ችግር ሞክሼ ሆሄ፣ ድምፁ አንድ ሆኖ መልኩ የሚለያየው፣ ነው። «ፀሐይ»ን የሚጽፍ ሰው በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ፣ ቀጥሎም በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊጽፋት ይችላል፤ 12 መልክ ማለት ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት የሆሄያት መዝገብ) ደግሞ እነዚህን ሁሉ የተለያዩ ሆሄያት አድርጎ መዝግቧቸዋል። ፓይተን ስሞችን ሲቀበል የሚያደርገው ማስተካከያም አያቀራርባቸውም።

ስለዚህ ኢንዴክሱ (የስሞቹ መፈለጊያ ማውጫ) ሲሠራ ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ የተጠቀለለ ቅጂ ይቀመጥ፦ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ፤ የቀሩት የሞክሼዎቹ ድምፆችም እንዲሁ፣ ሒ ወደ ሂ፣ ሥ ወደ ስ እያሉ። ፈላጊው የጻፈው ቃልም በዚያው መንገድ ይጠቅለል። ለዓይን የሚታየው ግን ደራሲው የጻፈው እንዳለ ይሁን።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጥቅለላው ከፍለጋው አይውጣ። ስም መቀየርና ወደ ትርጓሜው መዝለል እንደ ቋንቋው ሕግ ሆሄ በሆሄ ይሂዱ፤ ለፓይተን ሁለቱ «ሒሳብ»ዎች ሁለት ስሞች ናቸው። ለእኛም ቢሆን «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሌብነት ነው። ፍለጋው ሁለቱንም ያምጣ፤ ሆሄው ልክ የገጠመውን ግን ያስቀድም።

ሁለተኛ፣ ከሞክሼ አልፎ አናባቢውንም ወደ ግእዝ፣ ማለትም ወደ ሆሄው የመጀመሪያ ድምፅ፣ መልሶ «ሥራ» ሲባል «ሠሪ»ንና «ሠራተኛ»ን ማምጣት ይቻላል። አልወደውም። «ስም» ብለው ሲፈልጉ «ሰማ»ም «ሰም»ም ይጎርፋሉ።

ሰርቨሩ «ሒሳብ_አስላ»ን በትክክል ልኮም ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ወደ ኤዲተሩ ተመልከቱ። ፕሮቶኮሉ ለኤዲተሮች የራሳቸውን ማወዳደሪያ ስለተወላቸው «ሂ»ን ከ«ሒ» ጋር የማያገናኝ ኤዲተር ውጤቱን መልሶ ሊጥለው ይችላል።