«ሜካኒካል ደረሰኝ፤ ሕልሜ አበቃ?»

ከአዳማ የጻፍሽልኝ የ3ኛ ዓመት ተማሪ፣ መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠፈር ጣቢያ ከሚገጣጥሙት አንዷ መሆን ትፈልጊያለሽ። የደረሰሽ ግን ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው። «ዊዝድሮው ሞልቼ ውጭ አገር ኤሮስፔስ ከዜሮ ልጀምር? ወርክሾፕ ገብቶ ቅባት በቅባት መሆን ሰልችቶኛል» ብለሻል።

እኔ ተይው ነው የምልሽ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998 ኢንዴቨር የተባለችው መንኩራኩር ስድስት ሰዎች ይዛ ተነሳች። ሥራቸው የዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች ማገናኘት ነበር። የሩሲያው ዛርያ ከሁለት ሳምንት በፊት ወጥቶ ምሕዋር ላይ ይጠብቃል። የአሜሪካው ዩኒቲ መንኩራኩሯ ላይ ተጭኗል። ከስድስቱ ሦስቱ፣ ጄሪ ሮስ፣ ፍሬድሪክ ስተርኮውና ሩሲያዊው ሰርጌይ ክሪካሌቭ፣ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የተማሩ ናቸው። ያንቺው ዲፓርትመንት!

ሥራውንም እይው። ከስድስቱ አንዷ ናንሲ ከሪ 19 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ዛርያ በመንኩራኩሯ ሜካኒካል ክንድ ይዛ ስታመጣ መጋጠሚያው በቀጥታ አይታያትም ነበር። በካሜራና በኮምፒውተር እየተመራች ነው ያገናኘችው። ከዚያ ሮስና ሌላው የበረራው ባልደረባ ጄምስ ኒውማን ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ ወጡ። በድምሩ ከ21 ሰዓት በላይ ሠሩ። ምን ሲሠሩ? የኤሌክትሪክና የዳታ ኬብል ሲሰኩ፣ የእጅ መያዣ ሲያስሩ፣ አልዘረጋ ያለ አንቴና ሲያላቅቁ። ያውም በዚያ ወፍራም ጓንት። የሰለቸሽ ወርክሾፕ ለዚህ ነው የሚያዘጋጅሽ።

ስለ ሮስ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1978 ጠፈርተኛ ለመሆን አመልክቶ አልተመረጠም። በዓመቱ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ገብቶ የምድር ላይ ሥራ ያዘ። በ1980 ተመረጠ። በ1985፣ በመጀመሪያ በረራው፣ ጠፈር ላይ ዘንጎችን በእጅ እየገጣጠሙ ግንባታ መሞከር ተሰጠው። ከዚያ እስከ ዩኒቲ 13 ዓመት ነው።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። ደብቄሽ ኋላ እንዲቆጭሽ አልፈልግም። የናሳ ጠፈርተኛ ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት ግድ ነው። እንደ ኢንዴቨር ያሉት መንኩራኩሮችም እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ አቁመዋል። በጠፈር ሥራ ውስጥ ግን በቁጥር ከሚበረው የሚበልጠው ሰው ምድር ላይ ያለው ነው። ክሪካሌቭ ራሱ ከመብረሩ በፊት የበረራ መሣሪያ ይፈትሽ ነበር። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2019 ከቻይና የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የምድር ጣቢያዋ የተተከለው እንጦጦ ላይ ነው። ኢንተርንሺፕሽን ስትፈልጊ መጀመሪያ እዚያ ጠይቂ።

ዲግሪሽን ጨርሺ። ኤሮስፔስን በማስተርስ ታገኚዋለሽ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምሩቅ ይቀበላል። ከኮርሶችሽ ቫይብሬሽንን፣ ሂት ትራንስፈርንና ኮንትሮልን አጥብቀሽ ያዢ። ውጤትሽ እነሱ ላይ እንዳይወርድ። ወርክሾፕም አትቅሪ።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ መምረጥ ስትጀምሪ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።