ቤት ውስጥ ማን አለ?

ጥያቄ፦ በኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ በገጠር ባለትዳር ሴቶች ላይ በባሎቻቸው ስለሚደርስ ጥቃት ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ሥልጠናውን በኢንተርኔት ወስጄ የምስክር ወረቀት አግኝቻለሁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ግን ለመረጃ ሰብሳቢዎቼ ያሰብኩት የአንድ ቀን ሥልጠና እንዲራዘም፣ ከአንድ ቤትም ከአንድ ሴት በላይ እንዳይጠየቅ ብሎ ማመልከቻዬን መለሰብኝ። ደም አልወስድ፣ መድኃኒት አልሰጥ፤ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው። ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም መረጃ ሰብሳቢ ሳለሁ “ጥያቄ ብቻ ነው” እል ነበር። አንድ ጠዋት ቡና የምትቆላ ወጣት እናት ቤት ገባሁ። አማቷ መደብ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ስለ ባሏ የሚጠይቀውን ጥያቄ እንደ ሌላው ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ምጣዱ ላይ እጇ ቆመ። “እኛ በሰላም ነው የምንኖረው” አለችኝ፤ ዓይኗ ግን አማቷ ላይ ነበር። ቡናው ማረር ጀመረ። እኔም “የለም” የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። ማታ ባልየው ሲገባ እዚያ ቤት ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ኮሚቴው ያለሽ ነገር አገራችን ውስጥ ተሠርቶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች አስጠንቶ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ካሳተመው ጥናት ቦታዎች አንዱ ቡታጅራ ነበር። ጠያቂዎቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ የተዘጋጀላቸው ሥልጠና ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ነበር። ጥናቱ በመንደር የሚታወቀው ስለ ሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኝ ነው ተብሎ ነው። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ለብቻዋ ትጠየቃለች፤ ሌላ ሰው ብቅ ካለ ጠያቂዋ ወዲያው ወደ ሌላ የጤና ጥያቄ ትዞራለች። እዚያ ባል ወይም አጋር ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች 71 በመቶዎቹ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ያን ያህል ሴት አፍ አውጥታ የተናገረችው ከጠያቂዋ ሌላ ሰሚ እንደሌለ ስላረጋገጠች ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሴት ከአንድ ቤት ብትጠይቂ፣ አንዷ ሌላዋ ምን እንደተጠየቀች ታውቃለች፤ ወሬው ባል ጆሮ ለመድረስ አይዘገይም።

ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢዎችሽን አለማምጃቸው። አንዷ ተጠያቂ፣ አንዷ በድንገት የምትገባ አማት ሆነው፣ ወሬ መቀየሩ ከአፋቸው እስኪለምድ ይደጋግሙት። ከእነሱ መካከልም በቤቷ የምትመታ ልትኖር ትችላለች፤ ሥልጠናው ላይ እንባዋ ቢመጣ አታስቸኩያት፣ ሥራውን መተው ብትፈልግም ፍቀጂላት። መንገድ የሚመራሽን የቀበሌ ሰው ደጃፍ ሳትደርሺ አሰናብቺው። እሱ ቆሞ እያየ ሴትዮዋ “እሺ” ብትልሽ፣ ለአንቺ ይሁን ለቀበሌው በምን ትለዪዋለሽ? ፈቃዷን በቃል ለመቀበል ኮሚቴውን አስፈቅጂ፤ ስለ ጥቃት የሚያወራ ወረቀት ቤቷ ትተሽ እንዳትሄጂ። እርዳታ ብትፈልግ የምትልኪበትን ጤና ጣቢያና የወረዳውን የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደግሞ መጠይቁን ሳትጀምሪ በአካል ሄደሽ አነጋግሪ።

ገንዘቡ ካጠረሽ ከአማካሪሽ ጋር ተነጋግረሽ የምትሸፍኚውን ቀበሌ ቀንሺ፤ የሥልጠናውን ቀን ግን አትንኪ።