ባንኮክ ለሚሄደው ወንድማችን፣ እኔ ላይ የደረሰው አይድረስብህ

«ታይላንዶች ሴተኛ አዳሪነትን እንደ ነውር አያዩትም ይባላል፣ እውነት ነው ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው። አንተም እንደኔ ለልብስ ፕራቱናም ገበያ የምትመላለስ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ከኪሴ የወጣውን ልንገርህ።

1. ሥራው በሕግ የተከለከለ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ በአደባባይ ደንበኛ የምትጠራ ሴት እስከ 1,000 ባት ትቀጣለች። ናና ፕላዛ የሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች መጠጥ ቤቶች ግቢ መብራት አያታልህ፤ እሱ ለእኛ ለውጭ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የአገሬው ወንድ የሚሄድበት ካራኦኬና ማሳጅ ቤት ሌላ ነው።

2. አፍህን ያዝ። አራት ዓመት ጂንስ ያቀበለችኝ ነጋዴ ነበረች፤ ስለምትበልጠኝ እንደነሱ «ፒ» እላታለሁ፣ እትዬ እንደማለት ነው። ግማሹን ከፍዬ ግማሹን መርካቶ ሸጬ ነበር የምልክላት። አንድ ቀን ከኢሳን፣ ከሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ የመጣች አዲስ ልጅ ሱቁ ውስጥ አየሁና፣ ቀልደኛው እኔ፣ ሠራተኞቹ ፊት «ይቺስ ማታ ናና ነው የምትሠራው?» አልኩ። ፒ ፈገግ አለች። ወደደችልኝ ብዬ እኔም ሳቅሁ! በማግስቱ ዱቤ የለም፣ እጅ በእጅ፣ ዋጋውም ጨምሯል። ልጅቷ ለካ የእህቷ ልጅ ናት። ፍራፍሬ ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ፤ ፍራፍሬውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ዱቤው ግን በዚያው ቀረ። እዚህ ግሩፕ ላይ ሳወራው የሳቃችሁብኝም አላችሁ፣ አልረሳሁም።

3. ነገሩን በኋላ የፈታልኝ ዕቃ የሚጭንልኝ የኢሳን ልጅ ነው። የኢሳን ሴት ሁሉ እንደዚያ ናት የሚለውን ሐሜት የባንኮክ ሰው ራሱ ያወራዋል፣ ስለዚህ ቁስል ነክቻለሁ። በሱ መንደር፣ እንደ ናና ያለ ሰፈር ባላት የባሕር ዳር ከተማ ፓታያ ሠርታ ለወላጆቿ ቤት ያሠራች ልጅ አለች፤ ለቤተ መቅደሱም ትሰጣለች። የወላጅን ውለታ ቡንኩን ይሉታል፣ እሱን መክፈል ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤቱ ምን እንደምትሠራ ያውቃል፣ ማንም ግን ስሙን አይጠራም። እናቱ ልጅቷን ትመርቃታለች፣ ዩኒቨርሲቲ ያለችው እህቱ ግን አገር አሰዳቢ ትላታለች። በአንድ ቤት! ኢምፓወር በሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች ማኅበር ውስጥ ያሉት ሴቶች ደግሞ ሥራ ነው፣ ሕጉ ይነሳልን ባይ ናቸው። እና «ታይላንዶች» ስትል የትኞቹን ነው? የድሮ ካዛንችስን አንድ ማታ ያየ ፈረንጅ እህትህን እንደዚያ ቢጠይቃት ምን ትለው ነበር?

አሁን ቦቤ ገበያ ሌላ አቅራቢ አለችኝ፤ ዱቤ እስክትፈቅድልኝ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ ግን ፈቀደች። ስልኳን በውስጥ መስመር ጠይቀኝ። የድሮዋ ጋ ከሄድክ ግን ስሜን እንዳታነሳ፣ አንተንም እጅ በእጅ ነው የምታስከፍልህ።